ሃምሳውን የጾመው ስልጆ

ትልቁን የሕይወቴን ውሳኔ ያደረግኩት መብራት በጠፋበት ማድ ቤት ውስጥ፣ ፍሪጅ ፊት ቆሜ ነው። ይህን ስናገር ቀልድ የሚመስላቸው አሉ። የሚያውቁኝ ሰዎች ግን ቀልድ እንደማልችልበት ይመሰክራሉ፤ ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። በኬሚስትሪ ተመርቄ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የምግብ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ዘይት ይመጣል፣ ወተት ይመጣል፣ በርበሬ ይመጣል፤ እመረምርና «ይለፍ» ወይም «ይውደቅ» ብዬ እፈርማለሁ። ይህ ጠባይ ከሥራ ቦታ አልቀረም፤ ቤቴም ተከትሎኝ ገባ። ፍሪጄ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ክዳኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ የገባበት ቀን ይጻፍበታል። ቀኑ ያለፈበት ምግብ ያለ ይግባኝ ይወጣል።

ይግባኝ የምትጠይቅ ግን አልጠፋችም፤ እቴቴ ነበረች። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ልደታ፣ ከጌጃ ሰፈር ወረድ ብሎ ባለው አሮጌ ቤታችንም አብረን እንኖር ነበር። አንድ ጭልፋ ወጥ ስደፋ ካየች «እህል ይረግማል፣ ሂሩት» ትለኛለች። «በሽታም አይምርም፣ እቴቴ» እላታለሁ። በየሳምንቱ በዚሁ እንጨቃጨቅ ነበር።

መስፍንን ያወቅኩት በሥራዬ ነው። መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ ባለቤቱን በሕመም ካጣ ዓመታት አልፈውት ነበር። ከመስክ የገዛውን ማር በትልቅ ጠርሙስ ይዞ ሊያስመረምር መጣ። ውጤቱን ስሰጠው፣ «አብዛኛው ስኳር ነው» አልኩት። «የቀረውስ?» አለ። «ውሃ» አልኩት። ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሜክሲኮ ካለ አንድ ካፌ እየተገናኘን ስንት ማኪያቶ እንደጠጣን እግዜር ይወቀው። አንድ ቀን «ሽማግሌ ልላክ?» ሲለኝ «ይምጡ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣኝም። እንደምወደው ለእሱም፣ ለእቴቴም፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ቀጠሮው የጰራቅሊጦስ እሑድ ሆነ። መስፍን ግን ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ ለመንገድ ሥራ ወደ በረሃ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ከዓመት በኋላ ነው። «ቃል ታስሮልኝ ብሄድ ልቤ ያርፍ ነበር» ብሎኝ ነበር። የእኔም ልብ እንደማያርፍ አልነገርኩትም።

እሑድ ዕለት ቤታችን የሠርግ ቤት መሰለ። አጎቴ ጋሼ ታደሰ፣ የቤተሰቡ ቃል ተቀባይ እሳቸው ናቸውና፣ ከሳሪስ በጠዋት መጡ። እቴቴ ዶሮውን ሠርታ፣ በጎኑ ጎመን፣ ምስር፣ ቀይ ሥር በድንች አሰናድታለች። ከሰዓት በኋላ ግን ስልክ ተደወለ፤ በመስፍን ሰፈር ጎረቤት ሞቶ ሽማግሌዎቹ ቀብር ላይ ናቸው።

«ለቅሶን የሚቀድም የለም» አሉ ጋሼ ታደሰ። ምግቡ ሁሉ ወደ ፍሪጅ ገባ፤ ዶሮው ከነድስቱ በረዶ ቤቱን ሞላው። እኔም እንደ ልማዴ ፕላስተር ለጠፍኩ።

ሰኞ ከሰዓት ሥራ ላይ ሳለሁ መስፍን ደወለ። «ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ የንስሐ አባቴ፣ ጎረቤቴና አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ። ከዛሬ ሌላ ቀን የላቸውም። ይሆናል?»

«ይሆናል» አልኩና ጋወኔን አውልቄ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ መብራት የለም። ያ ዓመት መብራት በፈረቃ የሚሰጥበት ነበር፤ የእኛ ሰፈር ተራ ደርሶ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ዝናቡ ደግሞ ያንዠቀዥቀዋል፤ የጉልት ሴቶች ሸራቸውን ጠቅልለው ገብተዋል። እቴቴ ግን ከሰል አቀጣጥላ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ፊቷ በርቷል።

«እሰይ! ዶሮ ሲያድር ነው የሚጣፍጠው። እግዜር ሲያውቅ ነው ትናንት ያስቀራቸው!»

ድስቱን ልታወጣ እጇን ስትዘረጋ የልደታ ደወል ተደወለ። እቴቴ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«የቅዳሴ ደወል በዚህ ሰዓት? ከሰዓት በኋላ የሚቀደሰው እኮ በ...» አለችና አፏን ያዘች። «ሂሩት! ዛሬ የሐዋርያት ጾም ገባ!»

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፤ ሰው ጾም የሚባል ነገር ይረሳል። በማግስቱ ሰኞ የሰኔ ጾም ሲገባ ስንቱ ተዘናግቶ ይያዛል። እኛ ግን የተያዝነው በሽማግሌ ቀን ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ የንስሐ አባት ናቸው።

ጋሼ ታደሰ ከሳሎን ሰምተው መጡ። የማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ጢማቸውን ጎተቱ።

«ደውዪና ቀን ይለወጥ በዪው። የእህቴን ልጅ በደረቅ ሽሮ አልድርም። ከጾሙ በኋላ ይምጡ።»

«እውነታቸውን ነው» አለች እቴቴ፤ ዕንባዋ ቀርቧል። «ምን ብለን እናቀርባለን? ባዶ ገበታ ነው እኮ።»

ከጾሙ በኋላ መስፍን በረሃ ነው። እሱ በሌለበት፣ በስልክ እንኳ በማይገኝበት አገር ሆኖ፣ ሽማግሌ መልሶ የሚሰበስብ ማን ነው? የእኛ ሰው አንዴ የተቋረጠ ነገር ሲቀጥል አይወድም፤ «ገደ ቢስ ነው» ይባላል። ይህን ሁሉ በልቤ አውጥቼ አወረድኩ። ከዚያም፦

«አይደወልም» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እኔም ድምፄን አላወቅኩትም።

«ሰዓት አለን። ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ልይ» አልኩና በሩን ከፈትኩ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ቀኑን ሙሉ መብራት አጥቶ የዋለ ፍሪጅ ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ዝምታው ነው። ባትሪ አብርቼ ጎንበስ አልኩ። እቴቴ ከኋላዬ ከሰሉን እያራገበች ትጠባበቃለች፤ ጋሼ ታደሰም ከበሩ አልሄዱም።

«ጎመኑ» አልኩ፣ ክዳኑን ገልጬ አሽትቼ። «ደህና ነው። እቴቴ፣ ቅቤ ነክቶታል?»

ከሰሉን ማራገቧን ተወች።

«እቴቴ?»

«ለሽታው... አንዲት ማንኪያ ብቻ።»

«አንዲት ማንኪያም ቅቤ ናት» አሉ ጋሼ ታደሰ።

ጎመኑ ቀረ። ቀጥሎ ምስሩን ከፈትኩ። ላዩ ላይ ጥቃቅን አረፋ አውጥቷል፤ በማንኪያ ሳነሳው እንደ ተልባ ተጎተተ።

«ይውደቅ» አልኩ።

«ኧረ ልጄ፣ ደጋግሞ ሲፈላ ይድናል!»

«አይድንም። ትኩስ እንዳለ ከድነሽ ነው ያስገባሽው፤ በዚያ ላይ መብራቱ ጠፋ። የሽማግሌ ሆድ ታምሞ ከሚመለስ ገበታው ባዶ ይሁን።» እቴቴ ልትከራከር አፏን ከፈተች፤ ፊቴን አየችና ምስሩን ራሷ ወስዳ ደፋችው። ሲወርድ ግን «ይቅር በለኝ» ስትለው ሰምቻለሁ።

ቀይ ሥሩ በሎሚ ስለተሠራ እንደ ገባ አለ፤ አለፈ። ቲማቲሞቹ ቆዳቸው ተጨማዷል፤ ሁለቱ ሥራቸው ላይ ሻግተው ስለነበር ወደቁ፤ የቀሩት ለስልስ ይሆናሉ። ሰላጣው እንደ ጨርቅ ተልፈስፍሷል። እቴቴ «እንግዲህ ይሄንንስ ለዶሮ ስጪው» ስትል ቅጠል በቅጠል ለይቼ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ካሮት፣ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያ፤ ሁሉም ደህና። ሽሮ በዘይት ከሰሉ ላይ ተጣደ። አንድ ሁለት እያልን ገበታው መልክ መያዝ ጀመረ። ሆኖም መሐሉ ባዶ ነበር። ለሽማግሌ የሚቀርብ ገበታ መሐሉ ላይ «ይህን ቅመሱልን» የሚባልለት ነገር ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው መደርደሪያ ጥግ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አየሁ። ፕላስተር የለበትም።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እሱን ተይው» አለች እቴቴ በፍጥነት።

ፌስታሉን ፈታሁ። የመስፍን የስኳር ማር የመጣበት፣ ባዶውን ቤት ይዤው የገባሁት ያ ትልቅ ጠርሙስ ነው። ውስጡ ግራጫ ቢጫ የሆነ ወፍራም ነገር አለ። ወዲያው አወቅኩት። እቴቴ በዐቢይ ጾም ማብቂያ ላይ የሠራችው ስልጆ ነው፤ የባቄላ ዱቄት፣ ሱፍ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት። ለፋሲካ ዋዜማ «ይህን አስወግጂ፣ ጾሙ አልቋል» ብያት፣ «እሺ» ብላኝ ነበር።

«እቴቴ!»

«ስልጆ አይጣልም! ሲቆይ ነው የሚበስል። አንቺ በቀን ትፈርጃለሽ፣ እኔ ልቤ እንቢ ቢለኝ ሸሸግኩት። ይኸው ነው።»

ጋሼ ታደሰ ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ሸሸጉ።

ክዳኑን ከፈትኩ። ሽታው አፍንጫዬን መታው፤ ጎምዛዛ፣ ስለታም፣ ንጹሕ። ሻጋታ የለም። ላዩ ላይ የቆመውን ስስ ውሃ አዘነበልኩት፤ ቀለሙ አልተለወጠም። አፍንጫዬ «ይለፍ» ይለኛል፤ ሙያዬ ግን በአፍንጫ ብቻ አይፈርድም። የእጅ ቦርሳዬን አመጣሁ። ከላቦራቶሪ ያመጣኋት፣ ሁልጊዜ የማትለየኝ የሊትመስ ወረቀት ጥቅል ነበረችኝ፤ አሲድ ሲነካት የምትቀላ ሰማያዊ ወረቀት ናት። ስልጆ በሚገባ ሲብላላ ይጎመዝዛል፤ በሚገባ ከጎመዘዘ ደግሞ ክፉ ተሕዋሲ በቀላሉ አይራባበትም።

ወረቀቷን ነከርኳት። ሦስታችንም በባትሪው ብርሃን ላይ ተደፋን።

«ምን አለች?» አለች እቴቴ በሹክሹክታ።

«ቀላች። በጣም ቀላች።»

«አፍራ ነው። እኔን ስላላመነች አፍራ ነው!»

በማንኪያ ቀመስኩ። ሰናፍጩ በአፍንጫዬ አልፎ ዓይኔን አስነባው። ከዚያ በኋላ አፌ ውስጥ የቀረው ጣዕም... ይህን በኬሚስትሪ ቋንቋ ላስረዳችሁ አልችልም። ዝም ብዬ ሁለተኛ ማንኪያ ወሰድኩ፤ እቴቴ ሁለተኛውን ስታይ ነው እልል ማለት ያማራት።

«ደግ» አሉ ጋሼ ታደሰ። «ይምጡ። ነገር ግን ዛሬ እሺ አልልም። ሴት ልጅ በመጀመሪያ ቀን አትሰጥም፤ ወግ ነው። ቀጠሮ ሰጥቼ እሸኛቸዋለሁ።»

«እንዲያማ ከሆነ እህሉን አይቀምሱም» አለች እቴቴ። እውነቷን ነበር። ሽማግሌ መልሱን ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ከቤቱም እህል ውሃ አይቀምስም። የተበላ እንደሆነ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እኔ ግን ሰላጣውን ከውሃው አወጣሁ፤ እንደ አዲስ ቆሞ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እቴቴ ከመጋረጃው ጀርባ አጮልቃ አየችና ክንዴን ያዘችው። «ሦስት ናቸው። አንዱ ቄሱ ናቸው። አንዱ ከረባት ያሰረ። አንዱ... ሂሩት፣ አንዱ ሐጂ ናቸው!»

የመስፍን «ጎረቤት» ሐጂ ሰዒድ መሆናቸውን ያን ጊዜ አወቅን። ወሎዬ ናቸው፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ አላቸው። እቴቴ ደረቷን መታች። «ዶሮው ቀርቦ ቢሆን ኖሮስ! በእኛ ቢላ የተባረከውን መቼ ይነካሉ? ባዶ ሆዳቸውን ልንሸኛቸው ነበር!»

ሰማዩ ስለጠቆረ ሳሎኑ በሻማ ነበር የሚታየው። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። ከረባት ያሰሩት ሰው ዝምተኛ ነበሩ፤ ቄስ አምሃ ጎርነን ባለ ድምፅ የመጡበትን ተናገሩ። መስፍን ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተወለደ፣ ስለ ሟች ሚስቱም ሳይሸሽጉ ገለጹ። ሐጂ ሰዒድ ቀጠሉ፦ «እኔ በግድግዳ ነው የምለየው፤ ግድግዳ ደግሞ ጆሮ አለው። ከቤቱ ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም። የሰማሁት ነገር ቢኖር ሲዘፍን ነው፤ እሱን ልጅቱ ትቻለው እንደሁ እንጃ።»

ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባቶቼ፣ አክብራችሁ መጥታችኋል። ነገር ግን ዘመድ ብዙ ነው፤ መማከር አለብን። ቀጠሮ...»

ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ የቆምኩ መሰለኝ። ሐሙስ ሦስት ቀን ቀርቷታል። ልናገር ብል ቃል እንደማይወጣኝ አውቃለሁ። ዓይኔ ማስታጠቢያው ላይ አረፈ፤ ጆጉ በሞቀ ውሃ ተሞልቶ፣ ሳህኑ ከሥሩ ተቀምጧል። ፎጣውን ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ጆጉንና ሳህኑን አንስቼ መጋረጃውን ገለጥኩ።

ጋሼ ታደሰ «ቀጠሮ» የምትለዋ ቃል አፋቸው ውስጥ ቀረች። አንገቴን ደፍቼ ቄስ አምሃ ፊት ሄድኩና ሳህኑን ዘረጋሁ። ቄሱ እጃቸውን አልዘረጉም፤ ጋሼ ታደሰን አዩ።

የተናገሩት ሐጂ ሰዒድ ናቸው። «ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ ቀጠሮ ይፈልጋሉ፤ መልሱ እኮ በጆግ መጣ!»

ጋሼ ታደሰ እኔን ተመለከቱ። ከዚያ ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሳቅ ነው። «እንግዲህ ምን እላለሁ! የላቦራቶሪ ሰው ናት፤ መርምራ ጨርሳለች። ተቀመጡ አባቶቼ። እጃችሁን ታጠቡ፤ ልጃችን ልጃችሁ ናት።»

ከማድ ቤት የእቴቴ እልልታ ፈነዳ። ጎረቤት ያለችው አራስ እንኳ ከአልጋዋ ሆና መለሰችላት።

ገበታው ቀረበ። ሽሮው፣ ስልሱ፣ ቀይ ሥሩ፣ ጥቅል ጎመኑ በካሮት፣ ሰላጣው ዙሪያውን፤ ስልጆው መሐል። ሐጂ ሰዒድ ገበታውን አይተው ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ ስንት ሽምግልና አብረን ሄድን? እርስዎ ወጥ ሲያወጡ እኔ ለስላሳ ይዤ ጥግ እቀመጥ ነበር። ዛሬ ገና ከአንድ ትሪ ልንበላ ነው። በሉ ቢስሚላህ!»

ቄስ አምሃ ባርከው ስልጆውን ጠቀሱ። አኘኩ፤ ቆሙ። «ይህ የመቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

እቴቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ግን ውሸት አላውቅም። «የሁዳዴ ነው፣ አባቴ» አልኩ።

«የሁዳዴ?» ቄሱ ገበታውን አዩ፤ እኔን አዩ። «ታዲያ እኛ ሃምሳውን ቀን ስንበላ እሱ ብቻውን ሲጾም ከርሟል በሉኛ! ከሁላችንም የተሻለ ክርስቲያን ነው።» አሉና እንደገና ጠቀሱ።

ሐጂ ሰዒድ ትልቅ ጉርሻ ጎርሰው ሰናፍጩ ሲደርስባቸው ዕንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ትናንት ለቅሶ ቤት አላለቀስኩም ብለው የታዘቡኝ ሰዎች አሁን ቢያዩኝ!» አሉ። ዝምተኛው ባልደረባ ሳቃቸው አፍኗቸው ውሃ ለመኑ። ትሪው ተወለወለ።

ከሸኘናቸው በኋላ ዶሮው ቀረ። እቴቴ «ለጾሙ ፍቺ...» ብላ ጀመረችና ራሷ አቋረጠች። ድስቱ ገና በረዶ ይዞ ነበር። ከሰሉ ላይ በሚገባ አፍልተን ለአራሷ ወሰድንላት፤ አራስ አትጾምም። «የማን ድግስ ነው?» ስትለን እቴቴ «የሂሩት!» አለች፤ ስሜ እንደዚያ ደምቆ ሲጠራ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት እምብዛም አልተኛሁም፤ የሽማግሌዎቹን ሆድ ሳስብ አደርኩ። ማክሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪ እንደገባሁ መስፍን ደወለ።

«ሐጂ ሰዒድ በማለዳ በሬን አንኳኩ» አለኝ።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። «ምን ሆኑ?»

«ስለ ሆዳቸው ነው የመጡት።»

«አመማቸው?»

«ኧረ! ባዶ ብልቃጥ ይዘው ነው የመጡት። ያ ስልጆ ተርፎ እንደሁ ጠይቅልኝ ነው የሚሉት። ሂሩት፣ ስላንቺ እኮ አንድ ቃል ሳይናገሩ ስለ ስልጆ ብቻ አውርተው ሄዱ። ለመሆኑ ማንን ነው ያጩልኝ?»

ያን ጊዜ ላቦራቶሪው ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ባልደረቦቼ ከማይክሮስኮፓቸው ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያም፣ ሳላስበው፣ ለሁለት ዓመት ያልነገርኩትን ነገር በስልክ ነገርኩት። ምን እንዳልኩት የእሱና የእኔ ነው።

ሐሙስ ሄደ፤ በዓመቱ ተመለሰ፤ ተጋባን።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከዚህ በኋላ ፕላስተር መለጠፍ ትቼ እንደሆነ ትጠይቁ ይሆናል። አልተውኩም። የሚጎተት ምስር ዛሬም ያለ ምሕረት ይደፋል፤ እናንተም ድፉት። ነገር ግን ከመፍረዴ በፊት እከፍታለሁ፣ አሸታለሁ፣ እቀምሳለሁ። ቀኑ አልፎበታል ያልኩትን ስንት ነገር ሳልከፍተው ጥዬ እንደነበር የገባኝ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ነው። ከጣልኳቸው መካከል ራሴም ነበርኩበት።

የሰኔ ጾም በገባ ቁጥር ቄስ አምሃና ሐጂ ሰዒድ ቤታችን ይመጣሉ፤ አንድ ትሪ ከበው ይበላሉ፣ ያለቅሳሉ። ስልጆውን ዛሬም የምትሠራው እቴቴ ናት፤ የሚቀመጠውም በዚያው የስኳር ማር ጠርሙስ ነው። ክዳኑ ላይ ነጭ ፕላስተር አለ። ቀን ግን አልተጻፈበትም። መስፍን የእኔን ፊርማ አስመስሎ አንዲት ቃል ጽፎበታል፦ «ይለፍ»።